አል-ቢሩኒ፦ ሰማይን የለኩ፣ ለኮከብ ያልተገዙ ዓሊም

እ.ኤ.አ. በሜይ 24 ቀን 997 ሌሊት ጨረቃ ተጋረደች። በዚያ ዘመን ግርዶሽ ሲታይ ማን ሊሞት ነው፣ የማን ዙፋን ሊናወጥ ነው ብሎ ኮከብ ቆጣሪ የሚጠራ ገዥ ጥቂት አልነበረም። በዛሬዋ ኡዝቤኪስታን በምትገኘው ካስ ከተማ የነበሩት ወጣቱ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ ግን የያዙት ሥራ ሌላ ነበር። ባግዳድ ካሉት ታዋቂው ሊቅ አቡል-ወፋእ ጋር ተነጋግረው ያንኑ ግርዶሽ ሁለቱም ከየከተማቸው ተከታተሉ። ግርዶሹ በሁለቱም ከተሞች የሚታየው በአንድ ቅጽበት ነው፤ የከተሞቹ ሰዓት ግን ይለያያል። በዚህ ልዩነት ካስ ከባግዳድ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ እንደምትርቅ አሰሉ።

አል-ቢሩኒ የተወለዱት በ973 (362 ሂጅሪ) ነው። በ1017 ሱልጣን ማሕሙድ ኸዋሪዝምን ሲይዝ ወደ ጋዝና፣ ወደ ዛሬዋ አፍጋኒስታን ተወሰዱ። እዚያም ሆነው የከተሞችን አቀማመጥና የቂብላን አቅጣጫ በስሌት የሚያሳይ ኪታብ ጻፉ። ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለው ነንደና በተባለ ሥፍራ ደግሞ የተራራን ከፍታና ከጫፉ ላይ የሚታየውን አድማስ ለክተው የምድርን ስፋት አሰሉ።

በ1029 ረይሓና ለተባለች የአል-ሐሰን ልጅ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀውን «አት-ተፍሂም» ጻፉ። ኪታቡ በሒሳብ ይጀምርና በኮከብ ቆጠራ ይደመደማል። ለመሆኑ ያላመኑበትን ለምን ጻፉ? አብዛኛው ሰው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ፍሬ ይኸው ነው ብሎ ያምን ስለነበር ነው። እርሳቸው ግን የሙያውን ደንብ በታማኝነት ካስረዱ በኋላ፣ በፍርዱ ላይ ያላቸው እምነት እጅግ ትንሽ መሆኑን አልደበቁም። ይህም ሆኖ ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ተረት ነጋሪዎች ሱልጣኑ በየትኛው በር እንደሚወጣ አስቀድመው የሚያውቁ ጠንቋይ አስመስለው አወሯቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የተወለድንበት ሰዓት ጠባያችንን ከወሰነው ኒያ ምን ትርጉም አለው? ሌባው በማርስ ያሳብባል፤ የቸሩ ሰው ሰደቃም ምስጋናው ለጁፒተር ይሆናል። ተውበትም ቦታ ያጣል። እኛም በቀደር እናምን የለም ወይ የሚል ይኖራል። አዎን፣ እናምናለን። ነገር ግን የአላህ ቀደር እርሱ ዘንድ ያለ ጐይብ ነው፤ በኮከብ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፎ ለማንም አልተሰጠም። እኛ የምንጠየቀው በመረጥነውና በሠራነው ነው።

ለዚህም ነው የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ስትጋረድ ሰዎች ሁለቱን ሲያያይዙ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ምልክቶች እንጂ ለማንም ሞት ብለው የሚጋረዱ አለመሆናቸውን ያስተማሩት። በልጃቸው ሐዘን ውስጥ ሆነው እንኳ ሰማይ አዘነልን አላሉም።

አል-ቢሩኒ በጋዝና ሰባ ዓመት አልፏቸው አረፉ። ዛሬ በስልካችን የዕለቱ ኮከብ ትንበያ ሲደርሰን፣ ከብዙዎቻችን የበለጠ ሰማይን የሚያውቁት እኚህ ዓሊም በኮከብ ቆጠራ ፍርድ ላይ የነበራቸው እምነት እጅግ ትንሽ እንደነበር እናስታውስ። አላህ ይዘንላቸው።