የፈረሰኛው አርማና አቶ ይድነቃቸው ተሰማ

በንድፍ ወረቀት ጥግ ላይ የሚያርፈው ማኅተም የሥራው ኃላፊ ማን እንደ ሆነ እንደሚናገር ሁሉ፣ የእግር ኳስ ቡድን ስምና አርማም ቡድኑ የማን እንደ ሆነ ይናገራል። ስለዚህም የአንድ ቡድን ስም በተለወጠ ቁጥር የለወጠውን እጅ መመርመር ተገቢ ነው። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በይበልጥ የሚታወሱት በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘው ብሔራዊ ቡድናችን አሠልጣኝ በመሆናቸው ነው። እዚህ ግን ሕይወታቸውን የምንከተለው በተጫወቱለት ቡድን ስምና አርማ በኩል ይሆናል።

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢል ሙያ የተማሩ፣ በዚያውም ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀዳሚ የሆኑ፣ በግጥምና በጨዋታ ዐዋቂነታቸው ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። ሞተር የሚያውቅ ሰው ለዜማም ጊዜ ማግኘቱ ለእኛ ለመሐንዲሶች የሚያስቀና ነው።

ይድነቃቸው ገና ወጣት ሳሉ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ ጆርጅ ዱካስና አየለ አትናሽ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በአዲስ አበባ አንድ የኳስ ቡድን አቋቁመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለው ሰየሙት። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ከተሻገረ ገና ሁለት ወር መሙላቱ ነበር። በዚያ ወራት የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ዐድዋን ሳያስታውስ ሊጠራ አይችልም ነበር፤ ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በወርኃዊ በዓሉ ዕለት ነውና።

እዚህ ላይ ወደ ወሎ ደጋ ጥቂት ጎራ ማለት ያስፈልጋል። የዐድዋ ዘመቻ ምክንያት የሆነው ውል የተፈረመው በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ነው። አፄ ምኒልክ ክተት ባወጁ ጊዜም የሸዋ ሠራዊት በጥቅምት ወር እኩሌታ እንዲሰበሰብ የተቀጠረው ከመካነ ሰላም በስተምሥራቅ በምትገኘው በወረ ኢሉ ነበር። የወሎም ፈረሰኛ በራስ ሚካኤል መሪነት ዘምቷል። በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን በጦር የሚወጋው ሰማዕት በዚህ ደጋ የሚታወቀው የኳስ ቡድን አርማ ከመሆኑ እጅግ አስቀድሞ ነው። በቦረናና በሳይንት ክርስቲያኑ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል ያውቀዋል፤ ከነቤሩታዊቷ ልጃገረድ። ሥዕሉን የማያውቅ እስላም ጎረቤቱም ቢሆን ጥሩ ፈረስና ጥሩ ፈረሰኛ ማየት የለመደ ነውና ለአርማው እንግዳ አይሆንም። በእኔ አስተያየት ይህን አርማ ያጸናው የሠዓሊው ጥበብ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ ሳይወለድ ትርጉሙ በሕዝቡ ዘንድ ያደረ መሆኑ ነው።

ጠላትም ይህን ሳይገነዘብ አልቀረም። አዲስ አበባ በተያዘች ጊዜ የስፖርት ጉዳይ ሁሉ በወራሪው አስተዳደር ሥር ወደቀ፤ ኢትዮጵያውያንም ከነጮች ተለይተው እንዲጫወቱ ተደረገ። የቡድኖቹም ስም በኢጣልያንኛ ተተካ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሊቶርዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። ሊቶርዮ ማለት የጥንት ሮማ ሹማምንት አጃቢዎች ይሸከሙት የነበረው፣ በመካከሉ መጥረቢያ ያለበት የታሰረ የበትር ነዶ ስም ሲሆን፣ የፋሺዝም ስምም ምልክትም የተወሰደው ከዚሁ ነው። በሌላ አነጋገር ዘንዶ በሚወጋው ሰማዕት ፋንታ የጨቋኙ በትር ተተካ ማለት ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በተፈጸመው ጭፍጨፋ ደግሞ የአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ራሱ በእሳት ተያያዘ።

ነፃነት ሲመለስ ስሙም ተመለሰ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ስም ራሱ ታሪክ ነው፦ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሊምፒያኮስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ተልእኮ ቡድንና ቅዱስ ጊዮርጊስ። አንዱ የተራራውን፣ ሌላው የጥንት ጨዋታውን፣ ሦስተኛው የጽናትን ስም ይዞ መጣ፤ እንግሊዞቹ የመሥሪያ ቤታቸውን ስም ብቻ ይዘው መጡና ዋንጫውን ወሰዱ!

አርማን በተመለከተ ከሌላው ዓለም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ኳሱ በእጅ በሚያዝበት በአሜሪካኖቹ ፉትቦል፣ በራስ ቁር ላይ የቡድን አርማ መሣል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሬድ ጌርኪ የተባለ ተጫዋች ነው። ሥዕል የተማረ ሰው ስለ ነበረ ለሎስ አንጀለስ ራምስ ቡድን የበግ ቀንድ በገዛ እጁ እየቀባ አወጣ። አርማው ከራሱ ከተጫዋቹ እጅ የወጣ ነውና ዛሬም ይኖራል። በአንጻሩ የዋሽንግተኑ ቡድን የአገሩን ነባር ሕዝብ የሚያንቋሽሽ ነው የተባለውን ስሙን እ.ኤ.አ. በ2020 ለመተው ተገዷል።

ይድነቃቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ 23 ዓመት ተጫውተዋል። በ365 ግጥሚያዎች 318 ግብ እንዳስቆጠሩ ተመዝግቦላቸዋል፤ ለብሔራዊው ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ይህ ብቻ ለአንድ ሰው ዕድሜ በበቃ ነበር፤ እርሳቸው ግን ገና በተጫዋችነታቸው ዘመን የአገሪቱን ስፖርት በደንብና በጽሕፈት ቤት ማደራጀት ጀመሩ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ያሸነፈውን ቡድን ያሠለጠኑትም እርሳቸው ናቸው።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። የውጭ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በአባታቸው ስም ተሰማ እያሉ ይጠሯቸዋል፤ ዘፋኙ ነጋድራስ ይህን ቢሰሙ ሳይደሰቱ አይቀሩም ነበር። ከፕሬዚዳንትነታቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ ስትነፈግ፣ ከጋናው ኦኸኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን ካስተባበሩት መካከል ነበሩ። አፍሪካ ከውድድሩ ወጣች፤ ከሚቀጥለው ዋንጫ ጀምሮ ግን ቦታዋ ተረጋገጠላት። የደቡብ አፍሪካ ዘረኛ መንግሥት ነጭና ጥቁርን ለያይቶ የሚልካቸውን ቡድኖች በመቃወም ያደረጉት የብዙ ዓመት ክርክርም ፍሬ አፍርቶ፣ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ፊፋ ያንን ፌዴሬሽን ከአባልነት አስወጣ። ዘር የለየ ጨዋታ ምን እንደሚመስል ይድነቃቸው በገዛ ከተማቸው ያዩት ነገር ነበር፤ ለዚህ ክርክር ከመጽሐፍ መማር አላስፈለጋቸውም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የአገሪቱ ቡድኖች በመሥሪያ ቤትና በፋብሪካ ሥር ሲደራጁ የሰማዕቱ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ወረደ። ይህን ጊዜ የለወጠው የባዕድ እጅ አልነበረም። ቡድኑ አዲስ አበባ ቢራ ተባለ፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ባሉት ዓመታት የሻምፒዮና መዝገብም ላይ አሸናፊ ሆኖ የተጻፈው በዚሁ በቢራ ስም ነው። በመሥሪያ ቤት ስም መጠራት በራሱ ነውር የለውም፤ የእኛው ባልደረቦች ያቆሟቸው ቴሌና መብራት ኃይልም በስማቸው ኮርተው ሻምፒዮን ሆነዋል። ልዩነቱ እነዚያ በስማቸው መወለዳቸው፣ ይህኛው ግን የነበረውን መነጠቁ ነው።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። የወጣትነታቸው ቡድን በዚያን ዕለት ገና ቢራ ይባል ነበር። ስሙና ፈረሰኛው ወደ ቦታቸው የተመለሱት ከእርሳቸው በኋላ ነው።