የዓባይን ሸለቆ በእግሩ የተከተለው ሰው
የሮበርት ኧርነስት ቺዝማን ሕይወትና ድካም

ዓባይን በስም የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ልጅ አፉን ከፈታበት ጊዜ ጀምሮ ይሰማዋል፤ እረኛው ያዜምበታል፥ ካህኑ ግዮን ብሎ ይጠራዋል፥ ሽማግሌውም ግንድ ተሸክሞ ማደሪያ እንዳጣ እየተረተ ያማዋል። ይሁን እንጂ ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ የአገራችንን ካርታ ገልጦ የተመለከተ ሰው፥ ይህ ዝነኛ ወንዝ ከጣና ወጥቶ ሱዳን እስኪገባ ድረስ ባለው መንገዱ በብዙ ስፍራ በነጠብጣብ መሥመር ብቻ ተሥሎ ያገኘዋል። የነጠብጣብ መሥመር ትርጓሜው በጂኦግራፊ መምህራን ዘንድ የታወቀ ነው፤ ካርታ ሠሪው በዓይን ያየ ሰው አላገኘሁም፥ በግምት ሣልሁት ማለቱ ነው። ያንን ነጠብጣብ በአብዛኛው ወደ ሙሉ መሥመር የለወጠው፥ ብዙ ሰው ከመጽሐፉ አርእስት በቀር ታሪኩን የማያውቀው እንግሊዛዊ ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከተው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቺዝማን በ1878 ኬንት በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ አዕዋፍን መመልከት ይወድ ነበር፤ የኋላ ኑሮውን ሁሉ የመራውም ይኸው የማየትና የመመዝገብ ልማድ ነው ብንል አንሳሳትም። በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደርነት ወደ ሕንድና ወደ ኢራቅ ተላከ። በዚያም በውጊያው መካከል አእዋፍንና አራዊትን ይሰበስብ ስለ ነበር፥ አንዲት የበረሃ አይጥ እስከ ዛሬ በሳይንስ ስሟ የእርሱን ስም ይዛ ትገኛለች። ከ1920 እስከ 1923 በባግዳድ ለእንግሊዝ ዋና ሹም ለሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ሆነ። በ1923 መጨረሻ ከዐረብ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ በግመል ወደ ሁፉፍና ጃብሪን ወደምትባለው ሩቅ የበረሃ ምንጭ ሄደ፤ ስለዚህም ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ በ1926 ታተመ። ስለ ዐረብ በረሃ ይህ ይበቃናል።

በ1925 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንሲል ሆኖ ተሾመና ወደ ዳንግላ መጣ። የሹመቱን ወሬ ሰምቶ ካርታ በገለጠ ጊዜ፥ የሚሄድበትን አገር የሚከበው ታላቅ ወንዝ በነጠብጣብ መሣሉ እጅግ አስገረመው፤ የዘጠኝ ዓመት ሥራውም ከዚያች ሰዓት ጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ ነገር ጥቂት ሳንናገር ብናልፍ ለእውነት አንታመንም። ቺዝማን ተራ መንገደኛ አልነበረም፤ የአንድ ኃያል መንግሥት ሹም ነበር። በ1902 ዓፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፥ ያለ ስምምነት በዓባይና በጣና ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል ቃል ገብቶ ነበር። እንግሊዞችም ለሱዳንና ለግብጽ እርሻ በጣና አፍ ላይ ግድብ ለማቆም አጥብቀው ይመኙ ነበር። ቺዝማን በተሾመበት በዚያው በ1925 እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለዚሁ ጉዳይ ደብዳቤ ተለዋወጡ፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በ1926 ነገሩን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። እንግዲህ በዚህ ጊዜ አንድ የእንግሊዝ ቆንሲል ኮምፓስ ይዞ በዓባይ ዳርቻ ሲመላለስ ያየ የጎጃም ባላገር ቢጠራጠር የሚፈርድበት የለም። የውሃ ልክና የወንዝ ካርታ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ነገር ነውና። ይህን ካልን በኋላ ግን የሰውየው ድካም እውነተኛ ድካም እንደ ነበረ፥ የሠራውም ሥራ ከላኩት ሰዎች አሳብ ይልቅ ረጅም ዕድሜ እንዳገኘ መመስከር ይገባል።

ከእርሱ በፊት የሄዱ ነበሩ። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ ዓባይን አይቷል፤ ጄምስ ብሩስም በ1770 መጀመሪያ ጢስ ዓባይን፥ ኋላም በኅዳር ወር ምንጩን ጎብኝቷል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ያዩት የወንዙን ራስ እንጂ አካሉን አልነበረም። በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ጀልባ ገጣጥሞ በሸለቆው ውስጥ ሊወርድ ቢሞክር፥ ጀልባዎቹ ጥቂት ሳይርቁ በአለትና በፏፏቴ ተሰባበሩበት።

ጀልባ የማይሆነው ስለ ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሸለቆውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ዓባይ የሱዳንን ድንበር ሲሻገር ግን ወደ 500 ሜትር ገደማ ወርዷል። ወንዙ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሄድና ጎጃምን እንደ መቀነት ዞሮ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ይመለሳል፤ በዚህም ዙሪያ ምድሪቱን ከ1,000 ሜትር በላይ ቆርጦ የገባበት ስፍራ አለ። ተማሪዎቹን ይዞ ከደጀን ወደ ወንዙ የወረደ መምህር የምድርን ታሪክ ገጽ በገጽ እንደሚገልጥ ሆኖ ይሰማዋል። ከላይ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ አለ፤ ከእርሱ በታች አሸዋ ድንጋይ፥ ቀጥሎም ነጭና ቢጫ መልክ ያለው የኖራ ድንጋይ በመቶ በሚቆጠር ሜትር ተደራርቦ ይታያል፤ ከኖራውም ሥር ጀሶ፥ ከጀሶውም ሥር ቀይ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። በኖራው ድንጋይ ውስጥ የባሕር ቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርፅ ተቀብሮ ይገኛል፤ ዛሬ ደጋ የምንለው አገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር እንደ ነበረ የሚያስረዳን ይህ ነው። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃውን የሚቆፍረው ከዚህ ዓይነት ድንጋይ ነው።

ጥቁሩ ድንጋይ ጽኑ ስለ ሆነ፥ ከደጋ የሚመጡት ጅረቶች ጫፉ ላይ ሲደርሱ እየተወረወሩ ይወድቃሉ። ለፏፏቴዎቹ ብዛት ምክንያቱ ይህ ነው፤ ደብረ ሊባኖስ የተሳለመ ሁሉ በዚያ ገደል አፍ ላይ ቆሞ ይህን አይቷል። የኖራው ድንጋይ ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ውሃ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፥ ይሰነጠቃል፥ ዋሻ ይሆናል። የዚህም ነገር ታላቁ ምሳሌ በባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው፤ የወይብ ወንዝ የኖራውን ድንጋይ በስቶ በውስጡ 15 ኪሎ ሜትር የሚያህል መተላለፊያ ሠርቷል። በ1894 ከበርበራ ተነሥቶ የሶማሌን አገር አቋርጦ የመጣው አሜሪካዊ ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ ዋሻውን አይቶ ለውጭ ዓለም ገልጦታል፤ በአካባቢው ያለው ሕዝብ ግን ከዚያ አስቀድሞ በቅዱስ ስፍራነቱ ያከብረው ነበር።

ቺዝማን የሸለቆውን ጠባይ ቶሎ ተረዳ። በታች በወንዙ ዳር ተከታትሎ መሄድ አይቻልም፤ ግድግዳው እስከ ውሃው ይደርሳል፥ ቆላው በንዳድ የተያዘ ነው፥ ውሃውም የአዞ መኖሪያ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምቱ መልካውን ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ በበጋ ከደጋው ጫፍ ጫፉን ከመንደር ወደ መንደር እየሄደ፥ መውረጃ ባገኘበት ሁሉ ወደ ወንዙ ወርዶ እየለካ እንደገና መውጣትን መረጠ። በቅሎዎች ነበሩት፤ ነገር ግን የዓባይን ቁልቁለት የወረደ እንደሚያውቀው፥ በቅሎ ራሷን ከቻለች ይበቃል፤ ሰው በእግሩ ይወርዳል፥ በእግሩም ይወጣል። አንድ ሺህ ሜትር ወርዶ፥ የውሃውን ልክና አቅጣጫ መዝግቦ፥ በሙቀቱ ውስጥ አድሮ፥ በማግሥቱ ያንኑ ሺህ ሜትር መውጣት፤ ከዚያም ጥቂት ርቆ ይህንኑ መድገም፤ የሥራው ዓይነት ይህ ነበር።

የዚያ ዘመን መንገደኛ የሚለካባቸው መሣሪያዎች ጥቂቶችና ቀላሎች ነበሩ። አቅጣጫ በኮምፓስ፥ ርቀት በተጓዘበት ሰዓት፥ ከፍታም በፈላ ውሃ ይታወቃል። ከፍ ባለ ስፍራ ውሃ ባነሰ ሙቀት ስለሚፈላ፥ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል፤ ጥሩ ቴርሞሜትርና አንድ ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው የቆመበትን ከፍታ ሊያሰላ ይችላል። ይህን በማናቸውም የአገራችን ትምህርት ቤት ያለ ወጪ ማሳየት ስለሚቻል፥ የፊዚክስ መምህራን ቢጠቀሙበት አይጸጸቱም።

በዚህ አኳኋን ገባሮቹን አንድ በአንድ በየአፋቸው መዘገበ፤ ከግራ በሸሎን፥ ወለቃን፥ ጀማን፥ ሙገርን፥ ጉደርን፥ ደዴሳን፥ ዳቡስን፤ ከቀኝም ሙጋን፥ ሱሃን፥ ጨሞጋን፥ ጠምጫን፥ ብርን፥ በለስን። የመጀመሪያው የሥራው ፍሬ በ1928 በለንደን የንጉሣዊ ጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት ታተመ።

ስለ አገሩ ሰዎች ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቺዝማን አገኘው ተብሎ የተጻፈለት መንገድ ሁሉ የሚያውቀው ነበረ። የጎጃምና የወለጋ ነጋዴ ቡናውን፥ ወርቁንና አሞሌውን ጭኖ ወደ ባሶ ገበያ ሲሻገር ስንት ዘመን ኖሯል! መልካው መቼ እንደሚከፈት፥ አዞ በየት እንደሚተኛ፥ ነፋስ በሞላ አቁማዳ ላይ ተኝቶ እንዴት እንደሚሻገሩ የሚያውቁት ዋናተኞች ነበሩ። ቺዝማን የእነርሱን ዕውቀት ጠይቆና ተከትሎ በወረቀት ላይ አሰፈረው። ልዩነቱ የዕውቀት ሳይሆን የጽሕፈት ነበር፤ የመሪዎቹ ስም ግን በየካርታው ጥግ አልተጻፈም፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ጢስ ዓባይ ከጣና በታች 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከ40 ሜትር ከፍታ በላይ ይወድቃል። በስፍራው ላይ ጥንታዊ ክርክር ነበረ፤ ኢየሱሳዊው ሎቦ ከፏፏቴው ጀርባ ገብቶ እንደ ተቀመጠ ሲጽፍ፥ ብሩስ ደግሞ ሐሰት ነው ብሎ ካደ። የሚያስቀው ብሩስ ራሱ ከፍታውን ሲገምት 40 ጫማ ብቻ ማለቱ ነው፤ ይህም ከእውነተኛው ልክ ሢሶ እንኳ አይሞላም። በእግር ደርሶ ማየት ብቻውን አይበቃም፥ መለካት ያሻል የሚለውን የቺዝማን ጠባይ ለተማሪዎች ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዛሬ ፏፏቴውን ሊያይ የሚሄድ መምህር ቺዝማን ያየውን ሙሉ ውሃ በብዙ ወራት አያገኝም፤ በ1964 የመጀመሪያው፥ በ2001 ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጣቢያ ስለ ተሠሩ ውሃው ወደዚያ ይመራል።

በሥራው ማብቂያ አካባቢ ፊቱን ወደ ጣና መልሶ ሐይቁን ዞረ፤ በታንኳ እየተሳፈረም ደሴቶቹን ጎበኘ። ዳጋ እስጢፋኖስን፥ ጣና ቂርቆስን፥ ክብራን ገብርኤልን አይቶ ስለ ገዳማቱ የጻፈው፥ ከወንዙ ሥራ ቀጥሎ የሚጠቅም ክፍል ነው። በ1934 ከቆንሲልነቱ ለቀቀ። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍ በ1936 በለንደን ታተመ፤ ያም ዓመት ኢጣልያ አገራችንን የያዘበትና ንጉሠ ነገሥቱ የተሰደዱበት ዓመት ነበር። የሰላም ጊዜ መጽሐፍ በመከራ ጊዜ ወጣ።

በ1940 ግን ስድሳ ዓመት ያለፈው ቺዝማን ወደ ካርቱም ተጠራ። በዚያ ስለ ኢትዮጵያ የሚደርሰውን ወሬ የሚሰበስበው ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ ዘጠኝ ዓመት የተመላለሰበትን የጎጃምን መንገድ፥ መልካና ገደል ከእርሱ ይበልጥ በወረቀት የሚያውቅ የእንግሊዝ ሹም አልነበረምና። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጥር ወር 1941 በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው በጎጃም በኩል ሲገቡ፥ አርበኞች አምስት ዓመት የጠበቁት ምድር ለተባባሪው ጦር ፈጽሞ የማይታወቅ አገር አልሆነበትም። ለመስኖ ግድብ ሲባል የተጀመረው ልክ ለነፃነት ጉዞ ጠቀመ። ከ1942 እስከ 1944 አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን አማካሪ ሆኖ አገለገለ፤ ከዚያም ወደ ተወለደበት ወደ ኬንት ተመለሰ፥ በ1962 ዐረፈ።

እርሱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1968፥ አንድ የእንግሊዝ ወታደሮች ጉዞ በጀልባ ሸለቆውን ወረደ፤ ፏፏቴዎቹን ግን እነርሱም በእግር እየዞሩ ነበር ያለፏቸው። ወንዙ ከአገራችን የሚወጣበት ጉባ ደግሞ፥ ቺዝማን በጉዞው ወደ ሱዳን ድንበር በተቃረበበት በዚያ በረሃ፥ በ2011 ግንባታው የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በ2025 ተመርቆ፥ ያ በነጠብጣብ ይሣል የነበረው መሥመር ዛሬ ሰፊ ሐይቅ ሆኖ በካርታው ላይ ይታያል።