ሳሙኤል ቤከር በመተማ ቆላ፦ የአዳኞች ዱካና የዓባይ ጎርፍ ምንጭ

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ኋይት ቤከር በአሳሾች ታሪክ በአብዛኛው የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1864 ደርሶበት አልበርት ብሎ በሰየመው ሐይቅ ነው። ይሁን እንጂ አስቀድሞ በኢትዮጵያና በሱዳን ወሰን ቆላ ያሳለፈው አንድ ዓመት ለዓባይ ጥናት ያበረከተው ፍሬ ከሐይቁ ይልቅ ጽኑ ነው። የሐይቁን ስፋት እጅግ አጋንኖ መገመቱ በኋላ ታርሟል፤ ስለ ጎርፉ የደረሰበት ድምዳሜ ግን ሳይናወጥ ቆይቷል።

ቤከር በ1821 በለንደን ተወለደ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሲሎን ለዓመታት በእርሻና በአደን ኖረ። በ1859 በኦቶማን ግዛት በቪዲን ከተማ ከባርነት ገበያ ያገኛትንና በኋላ ሚስቱ የሆነችውን ፍሎረንስን ይዞ፣ በሚያዝያ 1861 ከካይሮ ተነሳ። በሰኔ ወር ከአትባራ ዳርቻ ሲሰፍሩ ወንዙ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ የቀረበት ደረቅ አሸዋ ነበር። አንድ ሌሊት ግን እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም ድምፅ ተሰማ፤ ሲነጋም በዚያው አሸዋ ላይ ከ15 እስከ 20 ጫማ ጥልቀት ያለው ደፍራሽ ውኃ ይፈስ ነበር። በሰፈሩ ዝናብ አልጣለም። ውኃው የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነበር።

ክረምቱን ከአትባራ ዳር በሶፊ መንደር ካሳለፈ በኋላ፣ ወደ ሰቲት፣ ማለትም ወደ ታችኛው ተከዜ፣ የዘለቀው የሐምራን ዐረብ አዳኞችን ተከትሎ ነው። ታሂር ሸሪፍና ወንድሞቹ ዝሆን የሚጥሉት በጎራዴ ነበር፤ አንዱ ፈረሰኛ ከፊት ሆኖ አውሬውን እያስቆጣ ሲስበው፣ ሌላው ከኋላ ደርሶ ቋንጃውን ይቆርጣል። ቤከር ከባድ ጠመንጃ ይዞም ቢሆን ለእነዚህ ሰዎች ያሳየው አክብሮት ለሌላው የአገሬው ሕዝብ ከሰጠው ፍርድ እጅግ የተለየ ነው። ስለ ሌላው የጻፈው በዘመኑ ትዕቢት የተሞላ በመሆኑ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል።

አደኑ ንግድ ነበር። የዝሆን ጥርስ ለነጋዴ ይሸጣል፤ የጉማሬ ቆዳ ተሰንጥቆ አለንጋ ይሆናል፤ የአውራሪስ ቀንድ ለጎራዴ እጀታ ይፈለጋል። በቤከር ዘገባ መሠረት ከአንድ አውራሪስ ቆዳ ሰባት ጋሻ ይወጣል። የውኃ ኩሬውን፣ መሻገሪያውንና ወንዞቹ የሚገናኙበትን ስፍራ ጠንቅቀው የሚያውቁት ኑሯቸው በዚህ ንግድ ላይ የተመሠረተው ሰዎች ነበሩ። ካርታው የቤከር ይሁን እንጂ መንገዱ የእነርሱ ነው።

በ1862 የጸደይ ወራት በአውሮፓውያን ጽሑፎች ጋላባት ወደምትባለው መተማ ደረሰ። በዚያ የሰፈሩት ተክሩሮች፣ ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ የመጡ ሙስሊሞች፣ በሼህ ጁማ ሥር ሆነው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወርዳል፤ ባሪያም ይሸጣል። ሁለት ጌታ ማስተናገድ ለገበያው ህልውና ግድ ነበር። ከ90 ዓመት በፊት ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ሰናር የወረደው በዚሁ አካባቢ ስለነበር፣ ቤከር ለአገሩ እንግዳ እንጂ የመጀመሪያው አውሮፓዊ አልነበረም።

ከመተማ ተነስቶ ራሃድን (በኢትዮጵያ በኩል ሽንፋ ይባላል) እና ዲንደርን ተመልክቶ፣ በጥቁር ዓባይ በኩል በሰኔ 1862 ካርቱም ገባ። ድምዳሜው ይህ ነው፦ ነጭ ዓባይ ወንዙን ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቅ ያቆየዋል፤ ግብፅን የሚያጥለቀልቀውን የክረምት ጎርፍና የሚያለመልማትን ደለል የሚያወርዱት ግን ጥቁር ዓባይና አትባራ ናቸው።

ይህን የያዘው መጽሐፉ የታተመው በ1867፣ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሊዘምት በተሰናዳበት ዓመት ነው። ቤከር ከዚያ በፊት በ1866 የ«ሰር» ማዕረግ አግኝቶ ነበር፤ ከ1869 እስከ 1873ም በግብፁ ከዲቭ እስማኤል ተሹሞ ኢኳቶሪያን አስተዳደረ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1889 በመተማ ሲቆስሉና ሲያርፉ፣ እርሱ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ በዴቮን በጡረታ ይኖር ነበር። በታኅሣሥ 1893 በዚያው ሞተ።