ልጁ የማን ነው? የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት ለመምህራን

አዛዥ ሐኪም ወርቅነህን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በሐኪምነታቸው ነው። ሕይወታቸው ግን ለእኛ ለመምህራንም ከባድ ጥያቄ ትቶልናል።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ በዚያ ትርምስ መካከል የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ከዘመዶቹ ተነጥሎ ተገኘ። ቻምበርሌን የተባለ መኮንን ወላጅ የሌለው መስሎት፣ አዝኖለት ወደ ህንድ ይዞት ሄደ። እሱ ሲሞት ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ወርቅነህ የነበረው ልጅ ቻርለስ ማርቲን ተባለ።

ልጁ አድገው በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ በስኮትላንድ ዕውቀታቸውን አዳበሩ፤ በበርማም በሐኪምነት አገለገሉ። ውለታው እንዲያው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በጎንደር ዘመድ እያላቸው ልጁን እንውሰደው ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የዓድዋን ድል ከሰሙ በኋላ አገራቸውን ፍለጋ መጡ። ሴት አያታቸው በሰውነታቸው ላይ በቀረው የልጅነት ጠባሳ ለዩዋቸው። የተማሩት ሐኪም ግን የአያታቸውን ቋንቋ አያውቁትም ነበር።

ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ሠሩ? አማርኛ ተምረው የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መሩ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ለእነዚህ ልጆች የሚጠየቅ ወላጅ በቅርብ አልነበረምና፣ መምህሩ አሳዳጊም መሆን ነበረበት። ራሳቸውም እንደ አባት ልጆቻቸውን እንግሊዝ አገር ልከው አስተምረዋል። መሐንዲሶቹ ዮሴፍና ቢንያም ተምረው ተመለሱ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግን በፋሺስት እጅ ተገደሉ። አባትየው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

ነገ ከነገ ወዲያ እናንተም በይፋት ቆላ ትመደቡ ይሆናል። ማሽላው ሲያሸት ወፍ እንዲጠብቅለት ልጁን ከክፍል የሚያስቀር አባት ይገጥማችኋል። በስንፍና አትፍረዱበት፤ የዓመት ጉርሱ ነው። ቤቱ ሂዱና አወያዩት፤ ልጁ የቀረበትንም ትምህርት ለይታችሁ አካክሱለት። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ለመዳር የመጣ ቤተሰብ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ ልጅቱም ትጎዳለች። ወላጆቿን በአክብሮት አነጋግሯቸው፤ ከእምቢታችሁ ግን ንቅንቅ አትበሉ። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻችሁን አትሸከሙት፤ ርዕሰ መምህሩንና የአገር ሽማግሌዎችን ይዛችሁ ተወጡት።

ሁለቱን መለየት ነው የመምህር ሥራ። ለልጁ መልካም ማሰብ ወላጁን ከመጠየቅ አያድንም፤ ወላጁን ማክበርም ልጁን አሳልፎ መስጠት አይደለም። ያ መኮንን ቅን ሰው ነበር፤ ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ ግን አንድን ልጅ ሠላሳ ዓመት ያህል ከአገሩና ከቋንቋው ለየው። እኛስ ጥያቄውን ሳንጠይቅ ስንት ጊዜ እንወስን ይሆን?