ሸሪፉ ክሊቭላንድ
ግሮቨር ክሊቭላንድ በ1837 እ.ኤ.አ. በኒው ጀርሲ ከሰባኪ ቤት ተወለደ፤ በ16 ዓመቱ አባቱ ሞተበት። በ1870 በኒው ዮርክ ግዛት የኢሪ አውራጃ መራጮች ሸሪፍ እንዲሆን መረጡት። በዚያን ዘመን የሸሪፍ ገቢ ቁርጥ ደመወዝ ሳይሆን ሕግ ለየሥራው የወሰነው ክፍያ ነበረ። ሹመቱን የሚሰጠው ሕዝብ፣ ኪሱን የሚሞላው ግን የክስና የእስራት መብዛት ነበረ ማለት ነው። በ1872 አንድ ነፍሰ ገዳይ እንዲሰቀል በተፈረደ ጊዜ፣ 10 ዶላር ከፍሎ ለምክትሉ ሊተውለት ሲችል፣ የሚያስጠላውን ሥራ በበታቹ ላይ መጣልን ነውር አድርጎ ራሱ ፈጸመው። በ1885 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1908 ሞተ። ነገ ሹመት የምንጠብቅ እኛ ተማሪዎች የደመወዙን ብዛት ብቻ ሳይሆን ከየት እንደሚመነጭም እንመርምር፤ በእስረኛ ቍጥር የሚያድግ እንጀራ ፍርድን ያጐድላልና።