ጌይ ሉሳክና ወደ ታች የረዘመው መስመር

ዛሬ በሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ኬሚስትሪ የሚማር ተማሪ ሁሉ የጌይ ሉሳክን ስም በመጽሐፉ ውስጥ ያገኛል። ስሙን ከአንድ ሕግ ጋር አያይዞ ለፈተና ያጠናዋል እንጂ ሰውየው ማን እንደ ነበረ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዚህን ሊቅ ሕይወት ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አስበናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዦዜፍ ሉዊ ጌይ ሉሳክ በ1778 በፈረንሳይ አገር ሴን ሌዎናር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የሕግ ሰው የነበሩት አባቱ በአብዮቱ ዘመን ታሰሩ። ልጁ ግን ትምህርቱን ሳይተው በ1797 ፓሪስ ከሚገኘው ከኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ። እዚያም ዝነኛው የኬሚስትሪ ሊቅ ቤርቶሌ ተመልክቶት ረዳቱ አደረገው። የቤርቶሌ ላቦራቶሪ በፓሪስ መካከል አልነበረም። ሰበታና ቡራዩ ለአዲስ አበባ እንደሆኑት ሁሉ፥ ለፓሪስ ዳርቻዋ በሆነችው በአርኬይ ነበር። እንደሚተረከው፥ ቤርቶሌ አንድ ሐሳቡን እንዲያረጋግጥለት ወጣቱን ሙከራ ቢያዘው ውጤቱ መምህሩ ከጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። ጌይ ሉሳክም ያገኘውን ሳይሸፋፍን አቀረበ። ቤርቶሌ አልተቆጣም፤ ይልቁንም ደስ ብሎት ወጣቱን እንደ ልጁ አቀረበው።

ስሙን ያስጠራው በ1802 ያቀረበው ሥራ ነው። የሚመረምረው ጋዝ እርጥበት እንዳይኖረው እጅግ ተጠንቅቆ አደረቀው። ከዚያም በበረዶ አቀዝቅዞ፥ በሚፈላ ውሃ አሙቆ ይዘቱን ለካ። ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ሲሞቅ፥ 100 እጅ የነበረው አየር 137 ተኩል እጅ ሆነ። ኦክሲጅን፥ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅንም በዚያው ልክ ሰፉ። ዣክ ሻርል የተባለ ሊቅ 15 ዓመት ያህል ቀድሞት ይህንኑ እንዳየና ሳያሳትመው እንደ ቀረ የገለጸው ጌይ ሉሳክ ራሱ ነው። ሕጉ ዛሬ በሻርል ስም መጠራቱ የዚህ ቅንነት ፍሬ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ሲሞቅ 37 ተኩል እጅ የጨመረ አየር፥ ሲቀዘቅዝም በዚያው ልክ እየቀነሰ ቢሄድ ይዘቱ ዜሮ የሚሆነው የት ነው? ነጥቦቹን በግራፍ ወረቀት ላይ አኑሮ መስመሩን በማስመሪያ ወደ ታች ያስረዘመ ሰው፥ ከዜሮ በታች 267 ዲግሪ ገደማ ላይ ይደርሳል። ዛሬ የታወቀው ግን 273 ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡት እነ ማግኑስና ሬኞ በበለጠ ጥንቃቄ ሲለኩ፥ ጭማሪው 36 ከስድስት ዐሥረኛ እጅ ሆኖ ተገኘ። አንድ እጅ የማይሞላው ልዩነት መስመሩ ሲረዝም ከ6 ዲግሪ በላይ አሳተ። በዚያ ላይ ማንኛውም ጋዝ እዚያ ሳይደርስ ፈሳሽ ስለሚሆን፥ ከተለካው ወሰን ያለፈው የመስመሩ ክፍል ግምት እንጂ ልኬት አይደለም።

የእኛ አገር ከፍታ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ሰበታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለሆነች፥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከእንጦጦ ማዶ ባለችው በሱሉልታ ከዚያም ያንሳል። አንድ ጫፉ በተዘጋ ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ የአየር ዓምድ፥ በበረዶ 100 ሚሊሜትር ከሆነ በሰበታ በሚፈላ ውሃ 134 ያህል ይሆናል። ተማሪው ቴርሞሜትሩን ሳያይ መጽሐፉን አምኖ 100 ዲግሪ ብሎ ቢጽፍ፥ መስመሩ ከዜሮ በታች 294 ያደርሰዋል። አይቶ 92 ቢጽፍ ግን 271 ያገኛል። ሁለት ነጥብ ብቻ ያለው መስመር ሁልጊዜ ቀጥ ስለሚል፥ በመካከሉ ለብ ባለ ውሃ ሦስት አራት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ተማሪው 273 እንዲያመጣ ከተጠበቀበት፥ መስመሩን ከመልሱ ጀምሮ ወደ ነጥቦቹ ይስበዋል። ማርኩን ያገኛል፤ ስለ አየሩ ግን የተማረው ነገር የለም። በእኛ አስተያየት፥ 271 ብሎ የጎደለውን 2 ዲግሪ ምክንያት የሚፈልግ ተማሪ የበለጠ ማርክ ይገባዋል። አለቃው የሚወደውን ቁጥር አስቀድሞ እያወቀ ሪፖርት የሚጽፍ ወጣት ሹምም ይህን ነገር ሳያውቀው አይቀርም።

ጌይ ሉሳክ መሄድ በሚቻልበት ቦታ በግምት የሚረካ ሰው አልነበረም። የምድር የማግኔት ኃይል ወደ ላይ ሲወጡ ይቀንሳል መባሉን በሰማ ጊዜ በ1804 በባሎን ተነሣ፤ መጀመሪያ ከባልደረባው ከቢዮ ጋር፥ በመስከረም ወር ደግሞ ብቻውን። ያን ጊዜ 7,016 ሜትር ደረሰ፤ ይህም የሰበታ ከፍታ ሦስት እጥፍ ነው። በምድር 27 ዲግሪ የነበረው ሙቀት እዚያ ከዜሮ በታች 9 ሆነ። የማግኔቱ ኃይል ግን ይህ ነው የሚባል ቅናሽ አልታየበትም፤ ከላይ በጠርሙስ ያመጣው አየርም ከምድሩ አየር አልተለየም።

በ1824 የአልኮልን መጠን ከመቶ የሚያሳየውን መለኪያና ሰንጠረዡን አዘጋጀ። በአልኮል ፋብሪካዋ ከድሮ ጀምሮ በምትታወቀው በሰበታ ይህ ሥራው ሳይታወቅ አይቀርም።

ዊልያም ቶምሰን፥ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፥ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ላይ የሚጀምረውን የሙቀት መለኪያ ሐሳብ በ1848 አሳተመ። ጌይ ሉሳክ በግንቦት 1850 በፓሪስ ሞተ፤ በፔር ላሼዝ መካነ መቃብርም ተቀበረ።