ከአመድ ማዕድን ያወጣው ሊቅ፤ ሰር ሃምፍሪ ዴቪ

ሃምፍሪ ዴቪ በእንግሊዝ አገር፣ ኮርንዎል በሚባለው አውራጃ፣ ፔንዛንስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በዲሴምበር 17 ቀን 1778 ዓ.ም. ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ እንጨት የሚቀርጽ ባለሙያ ነበረ፤ በ1794 ዓ.ም. ሲሞት ለሚስቱና ለአምስት ልጆቹ ያወረሰው ዕዳ ነው። የበኩር ልጁ ሃምፍሪም በተከታዩ ዓመት በዚያው ከተማ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ ከነበረ ሰው ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ አያውቅም። ግጥም መጻፍና ዓሣ ማጥመድ ይወድ ነበር፤ ኬሚስትሪን ግን ያገኘው ከመድኃኒት ቤቱ ብልቃጦችና ከመጻሕፍት ነው።

ከመጻሕፍቱም ልቡን የገዛው የፈረንሳዊው ሊቅ የላቮይዜ መጽሐፍ ነበረ። ላቮይዜ ነገር ሲቃጠል ከአየር ውስጥ ኦክሲጅንን ወስዶ ከርሱ ጋር እንደሚዋሐድ፣ ማዕድንም ሲዝግ ይኸው ነገር ቀስ ብሎ እንደሚፈጸም በሚዛን አስረድቶ ነበር። እኛ ተማሪዎች ይህን ኦክሲዴሽን እንለዋለን፤ ኦክሲጅኑን አስለቅቆ ማዕድኑን ነጻ ማውጣት ደግሞ ሪዳክሽን ይባላል። ብረት አቅላጭ በከሰል እሳት ብረትን ከአፈሩ የሚለየው በዚህ መንገድ ነው፤ ከሰሉ ኦክሲጅኑን ይወስዳል፣ ብረቱ ይቀራል። ላቮይዜ ኖራንና ኖራን የሚመስሉትን ነገሮች ሊከፈሉ ያልቻሉ ናቸው በሚላቸው ዝርዝር ውስጥ ቢያስገባቸውም፣ ምናልባት ኦክሲጅንን አጥብቀው የያዙ ማዕድናት ይሆናሉ ብሎ ይጠረጥር ነበር። ነገር ግን ጥርጣሬውን በሥራ ሳይፈታው በ1794 ዓ.ም. በአገሩ አብዮት ጊዜ አንገቱ ተቆረጠ። የዴቪ አባት የሞተውም በዚያው ዓመት መሆኑን ሳስብ፣ ለልጁ የቀሩለት ውርሶች ሁለት ይመስሉኛል፤ አንዱ የአባቱ ዕዳ፣ ሁለተኛው የላቮይዜ ጥያቄ።

ዴቪ በ1798 ዓ.ም. ብሪስቶል ወደሚገኝ፣ በጋዝ ሕመምተኞችን ለመፈወስ ወደተቋቋመ ቤት ተጠርቶ ሄደ። እዚያም ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን፣ ሰውን የሚያስቅ ጋዝ በገዛ አካሉ ላይ እየፈተነ መጽሐፍ ጻፈ። ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ስለሚያወራው እኔ አልፈዋለሁ። ለኛ ጉዳይ የሚበልጠው፣ ጣሊያናዊው ቮልታ በ1800 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ባትሪ መሥራቱን ለዓለም መግለጡ ነው። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ሁለት ሰዎች በባትሪ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክሲጅን ለያዩት። ዴቪ በ1801 ዓ.ም. ሎንዶን ወደሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ሲዛወር ይህን አዲስ መሣሪያ ዋና ሥራው አደረገው። በ1806 ዓ.ም. ባቀረበው ትምህርትም፣ ንጥረ ነገሮችን እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ኃይልና ኤሌክትሪክ ከአንድ ምንጭ የሚወጡ እንደሚመስሉት አስታወቀ። እንደዚያ ከሆነ ከሰል ያላስለቀቀውን ባትሪ ሊያስለቅቀው ይችላል ማለት ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ በጦርነት ላይ ሳሉ የፈረንሳይ ሊቃውንት ማኅበር ለዚህ ሥራው ሽልማት ሰጠው።

አንባቢ ሆይ፣ አሁን የምንደርሰው ከታሪኩ ሁሉ እኔ አብልጬ ወደምወደው ቀን ነው። የእንጨት አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተጠልሎ እስኪደርቅ ሲፈላ የሚቀረው ነጭ ነገር ፖታሽ ይባላል። ይህም ከኖራ ጋር ሲሠራ ቆዳ የሚያቃጥል ኃይለኛ ፖታሽ ይወጣዋል። ዴቪ መጀመሪያ ይህን በውሃ አሟሙቶ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍበት ውሃው ብቻ ተለያየ፤ ፖታሹ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ውሃውን ትቶ ደረቁን ፖታሽ በእሳት አቀለጠው፤ በዚህ ጊዜ ነበልባል ታየ፣ ግን የሚያዝ ነገር አልተገኘም። ደረቁ ፖታሽ ሳይቀልጥ ደግሞ ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። በመጨረሻ በኦክቶበር 6 ቀን 1807 ዓ.ም. ከሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ አገኘ። አንዲት ቁራሽ ፖታሽ ለጥቂት ጊዜ አየር ላይ ትቶ ፊቷ ብቻ እርጥበት እንዲስብ አደረገ፤ ከዚያም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ ጋር በተያያዘች የፕላቲኒየም ሰሌዳ ላይ አስቀመጣት፤ ከፖዚቲቩ ጫፍ የመጣውንም ሽቦ ከላይ አስነካት። በእጁ የነበሩት ባትሪዎች ባለ 12 ኢንች 24፣ ባለ 6 ኢንች 100፣ ባለ 4 ኢንች 150 የመዳብና የዚንክ ሰሌዳዎች ነበሩባቸው።

ፖታሹ በሁለቱም ጫፍ መቅለጥ ጀመረ። ከላይ በኩል ጋዝ እየፈላ ወጣ፤ ይህ ኦክሲጅን ነው። ከታች በኩል ግን ባዜቃ የሚመስሉ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ እንክብሎች ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዳንዶቹ እንደ ወጡ ፈንድተው ተቃጠሉ፣ ሌሎቹ ወዲያው ደብዝዘው ነጭ ልባስ ለበሱ። አብሮት ይሠራ የነበረው የአጎቱ ልጅ ኤድመንድ እንደ ተረከው፣ ዴቪ ከደስታው ብዛት በክፍሉ ውስጥ እየዘለለ ጨፈረ። ማዕድኑን ፖታሲየም ብሎ ሰየመው፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ከሶዳ ሶዲየምን አወጣ። በኖቬምበር ይህን ለሊቃውንቱ ገልጦ እንደ ጨረሰ ታሞ ወደቀ፤ ለብዙ ሳምንታትም በሞትና በሕይወት መካከል ቆየ።

ፖታሲየም በውሃ ላይ የሚንሳፈፍና እዚያው የሚነድ ማዕድን ስለ ሆነ፣ ይህ ማዕድን አይደለም ብለው የተከራከሩ ታላላቅ ሊቃውንት ነበሩ። አልፈርድባቸውም። መምህራችን በነጭ ጋዝ ውስጥ ተዘፍቆ ከሚቀመጠው ሶዲየም የምስር ፍሬ የምታህል ቆርጠው ውሃ ላይ ሲጥሏት ያየ ተማሪ፣ ይህች ነገር የወርቅና የብረት ዘመድ ናት ቢሉት በቀላሉ አያምንም። ግን ምስጢሩ አንድ ነው። ማዕድን ሁሉ ኤሌክትሮኑን ለሌላ ለመስጠት ያለው ችኮላ የተለያየ ነው፤ ፖታሲየምና ሶዲየም ከተርታው ራስ ናቸው፣ ከነርሱ በታች ማግኒዚየም፣ ዚንክ፣ ብረት፣ መዳብ እየተከታተሉ እስከ ወርቅ ይወርዳል። ለመስጠት የቸኮለውን ያህል የሰጠውን ለማስመለስ ብርቱ ኃይል ይጠይቃል። ወርቅ ራሱን ችሎ በወንዝ አሸዋ ውስጥ ስለሚገኝ የጥንት ሰዎች ያውቁታል፤ ፖታሲየም ግን በየምድጃው አመድ ውስጥ እያለ እስከ 1807 ዓ.ም. ያየው አልነበረም። ኤሌክትሮን የታወቀው በ1897 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ዴቪ የዚህን ሥርዓት ሥራ ሲሠራበት ስሙን እንኳ አልሰማም።

በ1808 ዓ.ም. ካልሲየምን፣ ማግኒዚየምን፣ ባሪየምንና ስትሮንቲየምን አወጣ። አሉሚኒየምን ስም ቢያወጣለትም ሊያገኘው አልቻለም። በ1810 ዓ.ም. ክሎሪን ኦክሲጅን የሌለበት ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አስታወቀ፤ በዚህም አሲድ ሁሉ ኦክሲጅን አለው ያለውን የላቮይዜን ትምህርት አፈረሰ። በ1812 ዓ.ም. የሰርነት ማዕረግ አገኘ፣ ባለጠጋ ሴትም አገባ። በተከታዩ ዓመት የመጽሐፍ ጠራዥ ሠራተኛ የነበረውን ማይክል ፋራዴይን ረዳት አድርጎ ተቀበለው። በ1812 ዓ.ም. በፌሊንግ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ 92 ሰዎች በፍንዳታ ስለ ሞቱ፣ ዴቪ በ1815 ዓ.ም. እሳቱን በሽቦ ወንፊት የከለለ የማዕድን ቆፋሪዎች ፋኖስ ሠራ፤ ትርፉን ለራሱ አላስጠበቀም። ሕዝብ ስሙን ይበልጥ የሚያነሣው በዚህ ፋኖስ ነው።

በእኔ አስተያየት ግን ከፋኖሱ ይልቅ ልናስበው የሚገባ ሥራ አለ፤ ይህም ያፈረበት ሥራ ነው። የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከእንጨት የተሠሩ ስለ ነበሩ፣ ትል እንዳይበላቸው የሆዳቸው ውጪ በመዳብ ይለበጥ ነበር። የባሕር ውሃ ደግሞ መዳቡን ይበላዋል፤ ወጪውም ከባድ ነበረ። በ1823 ዓ.ም. የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ሮያል ሶሳይቲን መድኃኒት ጠየቁ፤ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ከ1820 ዓ.ም. ጀምሮ ዴቪ ራሱ ነበረ። እርሱም ተርታውን አሰበ። ዚንክ ከመዳብ ይልቅ ችኩል ነው፤ ሁለቱ ተነካክተው በጨው ውሃ ውስጥ ቢቀመጡ ዚንኩ ይበላል፣ መዳቡ ይድናል። ቢፈትነው የአተር ፍሬ የምታህል ዚንክ 40 ወይም 50 ካሬ ኢንች መዳብ ስትጠብቅ አገኛት። በ1824 ዓ.ም. በመርከቦች ላይ የዚንክና የብረት ቁራጭ ይገጠም ጀመር። መዳቡም እንዳለው ዳነ።

መርከቦቹ ግን ከበዱ፣ ዘገዩ። መዳብ ቀስ እያለ ሲበላ የሚለቀው ጨው ለባሕር ሣርና ለቀንድ አውጣ ዘመዶች መርዝ ነው፤ መዳቡ መበላቱን ሲተው መርዙም ቀረ፣ ዛጎሉና ሣሩ በሆዳቸው ላይ በቀለ። ከ1825 ዓ.ም. ጀምሮ መከላከያው ከመርከቦቹ እየተነቀለ ተጣለ፤ ጋዜጦችም ዘበቱበት። ኬሚስትሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ትክክል ነበረ፤ ችግሩ የተነሣው በትክክል በመሥራቱ ነው። እንዲህ ያለው ውርደት ለኩሩ ሰው ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ዴቪም ኩሩ ነበረ። በዚያው በ1824 ዓ.ም. ፋራዴይ የሮያል ሶሳይቲ አባል እንዳይሆን መቃወሙን የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ሊደብቀው አይገባም። ፋራዴይ ግን ተመረጠ።

በ1837 ዓ.ም. ሶሬል የሚባል ፈረንሳዊ ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመለበጥን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። በዚንክ የተለበጠ የቤት ቆርቆሮ ቢጫር እንኳ ቶሎ የማይዝገው፣ ዚንኩ ራሱን ለብረቱ አሳልፎ ስለሚሰጥ ነው። የዛሬ የብረት መርከቦችም በሆዳቸው ላይ የዚንክ ቁራጭ ይታሰርባቸዋል፤ ሣርና ዛጎል እንዳይበቅልባቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመዳብ ኦክሳይድ ያለበት ቀለም ይቀባሉ። ዴቪ በአንድ መዳብ ላይ ማስታረቅ ያቃቱት ሁለት ጉዳዮች ለየብቻቸው ተፈጸሙ ማለት ነው።

እርሱ ይህን አላየም። በሕመም ምክንያት በ1827 ዓ.ም. ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቀ፤ ከዚያም ጤና ፍለጋ በአውሮፓ አገሮች ሲዘዋወር ቆይቶ በሜይ 29 ቀን 1829 ዓ.ም. በ50 ዓመቱ በስዊስ አገር ጄኔቫ ላይ ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው ነው።